ሰላምታው ከዋጋው ይቀድማል፦ በአፍሪካ ቀንድ ገበያ የመስተንግዶና የዋስትና ታሪክ

 

በሞያሌም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ በመተማም ሆነ በናይሮቢ ኢስሊ፣ ወደ አንድ ዕድሜ ጠገብ ነጋዴ ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ «ይሄ ስንት ነው?» ማለት ነውር ነው። ነጋዴው ዋጋውን ይነግራችሁ ይሆናል፤ የሚነግራችሁ ግን የመንገደኛ ዋጋ ነው። ሰላም ብላችሁ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቃችሁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ጥቂት ካወራችሁ በኋላ የምትሰሙት ዋጋ ሌላ ነው። ወጣቶቻችን ይህን ሲያዩ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ፎቶ በስልክ ልኮ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ገንዘቡን አስተላልፎ መጨረስ እየተቻለ ይህ ሁሉ ወሬ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። «ባህላችን ስለሆነ ነው» ብለን ብናልፈው ግን መልስ አልሰጠናቸውም። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ አያቶቻችን ሰላምታንና መስተንግዶን በንግድ ውስጥ ያስገቡት ለጌጥ እንዳልነበረ ነው። ባንክ፣ መድን፣ የንግድ ፍርድ ቤት በሌለበት ዘመን ዕቃን ከባሕር ዳር እስከ ደጋ ያደረሰው በሰውና በሰው መካከል የተገባ ቃል ነው። «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ቃል ዋጋ የነበረው፣ ተናጋሪው ቃሉን ካፈረሰ የሚያጣው ነገር ስለነበረ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃላቱ እንጀምር

«ደንበኛ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንጠራዋለን? ሥሩ «ደንብ» ነው። «ደንበኛ ሐኪም» ወይም «ደንበኛ ቅቤ» ስንል እውነተኛ፣ እንደ ደንቡ የሆነ ማለታችን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደ ሰው ገና ደንበኛ አልሆነም፤ ደንበኛ የሚባለው በእኛና በእሱ መካከል ያለው ነገር ደንብ ሲይዝ ነው። ደንብ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ለዚህ ነው በአማርኛ ሻጭም ገዢም እርስ በርስ «ደንበኛዬ» የሚባባሉት። ሱቁ ውስጥ ያለው ነጋዴ «ደንበኛዬ መጣች» ይላል፤ እሷም ከቤት ስትወጣ «ወደ ደንበኛዬ ልሂድ» ብላ ነው የወጣችው።

ጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ ቃል አላቸው። ትግርኛ ተናጋሪዎች «ዓሚል» ይላሉ፤ ሶማሌዎች «ማዕሚል» ይላሉ። ሁለቱም ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፤ ሥራቸውም መሥራትን፣ አብሮ መገበያየትን የሚያመለክት ነው። በየትኛውም ቋንቋ ብንሄድ ቃሉ የሚናገረው ስለ አንድ ግዢ ሳይሆን አብሮ ስለመሥራት ነው።

ሌላም አለ። እናቶቻችን እህል ወይም በርበሬ ሲገዙ መስፈሪያው ከሞላ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ!» ይላሉ። ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ይህችም ጭማሪ «ምራቂ» ትባላለች። በቋንቋችን መመረቅ ማለት በረከትን መመኘትም፣ በመስፈሪያ ላይ መጨመርም ነው። ያቺ እፍኝ ለሻጯ ትንሽ ናት፤ ገዢዋ ግን ከልኩ በላይ እንደተሰጣት አውቃ ትሄዳለች። ሳምንት ተመልሳ የምትመጣውም ወደዚያችው ሻጭ ነው።

አባን፦ እንግዳውን በአንገቱ የሚዋስ

አሁን ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንውረድ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በርበራ የዓመት ገበያ ነበራት። ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ፣ ነፋሱ ለጀልባ በሚመችበት ወራት፣ ከኦጋዴንና ከሐረር በኩል ግመል የጫኑ ሲራራዎች ይወርዳሉ፤ ከየመን፣ ከኦማንና ከሕንድ ደግሞ ጀልባዎች ይመጣሉ። ከላይ የሚወርደው ቡና፣ ሙጫ፣ ቅቤ፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና የሰጎን ላባ ነው። በባሕር የሚመጣው ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ነው። ገበያው ሲያበቃ ሰዉ ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል፤ በሙቀቱ ወራት ያ ሁሉ ሕዝብ የነበረበት ስፍራ ባዶ አሸዋ ይሆናል።

እስቲ አስቡት። ከጉጃራት የመጣ የሕንድ ባንያን ነጋዴ ቋንቋውን አያውቅም፣ ዘመድ የለውም፣ በስፍራው የሚከሰስበትም ሆነ የሚከስስበት ዳኛ የለም። ከእሱ ጋር የሚገበያየው የግመል ነጋዴ ደግሞ በማግስቱ ወደ በረሃው ይመለሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ እንዴት ነው ሰው ጨርቁን አውጥቶ ለማያውቀው ሰው የሚያስረክበው?

መልሱ «አባን» የሚባለው ሰው ነው። አባን በሶማሌዎች ዘንድ የእንግዳው ጠባቂ፣ አስተናጋጅ፣ አስተርጓሚና ደላላ ነበር፤ አራቱንም በአንድ ላይ። እንግዳው በአባኑ ቤት ያርፋል ወይም በእሱ ጥላ ሥር ያድራል። የሚሸጠውንም የሚገዛውንም በአባኑ በኩል ያደርጋል፤ አባኑም ከእያንዳንዱ ግብይት ድርሻውን ይወስዳል። የዘመኑ ተጓዦች እንደጻፉት ጀልባ ከሩቅ ሲታይ ሰዎች ወደ ባሕሩ ዘለው ይዋኙ ነበር፤ መጀመሪያ ደርሶ ጀልባውን የነካ የዚያ ጀልባ አባን ይሆናል። እንግዳን ለመቀበል መሽቀዳደም እንጀራ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል፣ የተደፈረው እንግዳው ብቻ አይደለም፤ አባኑ ነው። አባኑ ብቻም አይደለም፤ ጎሳው ሁሉ ነው። ካሳ የመጠየቅ፣ ካልሆነም የመበቀል ግዴታው የእነሱ ይሆናል። ስለዚህ አባኑ «እንኳን ደህና መጣህ» ሲል የዘመዶቹን ስምና ደም ማስያዣ አድርጎ ነው የሚናገረው። እንግዳውም ያንን ያውቃል፤ በዚያ ተማምኖ ጨርቁን ያወጣል።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 ዘይላ ሲደርስ ይህን ሥርዓት በዓይኑ አይቷል። የዓረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ለመጓዝ ሲነሣ፣ የዘይላው ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ አስተናግዶት ነበር። በኢሳዎች ምድር የሚያልፍበትም ጠባቂ ከኢሳ ጎሳ ተመረጠለት። ወደ ሌላ ጎሳ ምድር ሲገባ ደግሞ የዚያ ምድር ሰው ተቀበለው። በጥር 1855 ሐረር የገባው እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ዛሬ ጭነታችን ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ፣ ወይም ከበርበራ እስከ ጅግጅጋ ሲጓዝ፣ በየከተማው «የእኛ ሰው» ብለን የምንደውልለት ወዳጅ የዚህ ሥርዓት የልጅ ልጅ ነው።

ሲራራና ነጋድራስ

በደጋውም ነገሩ ብዙ አልተለየም። ከምጽዋ የሚነሣው ሲራራ በዓድዋና በጎንደር አድርጎ እስከ ጎጃሙ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ባሶ ላይ ደግሞ ዓባይን ተሻግረው ከጊቤ አገሮች ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር ይገናኛል። ቡናው፣ ዝባዱ፣ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ወደ ሰሜን፣ ጨውና ጨርቁ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በየወንዙና በየበሩ ኬላ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ አለ። መንገዱ ወራት ይፈጃል።

በዚህ መንገድ ላይ ነጋዴዎች ብቻቸውን አይሄዱም። ተሰብስበው፣ ከመካከላቸው ልምድ ያለውን አለቃ አድርገው ይጓዛሉ። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የነጋዴዎች ራስ። ከኬላ ሹሙ ጋር የሚነጋገረው፣ በነጋዴዎች መካከል ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው እሱ ነው። ቆይቶ ነገሥታቱ ራሳቸው የገበያና የቀረጥ ሹም አድርገው ሲሾሙት ማዕረጉ የመንግሥት ሆነ። ስለ አገር ሀብትና ስለ ንግድ በጥልቀት የጻፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1924፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ታትሟል። የነጋድራስ ሥራ ቀረጥ መቁጠር ብቻ እንዳልነበረ ከእሳቸው በላይ ምስክር አያሻም።

በሲራራው ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረ፤ በተለይ የጀበርቲ ነጋዴዎች የሩቁን ንግድ በሰፊው ይዘውት ነበር። አብሮ መጓዝ የራሱ ጨዋነት ያስፈልገዋል። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ አስተናጋጅ እንግዳ ሲቀበል የሌላው እምነት ሰው ከሆነ ከራሱ ወገን የሚያርድለት ይፈልግለታል፤ ዕቃም ለብቻ ያስቀምጥለታል። በጾም ወራት ምን እንደሚቀርብለት ያስባል። ዛሬም ድረስ በሠርግና በድግስ የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ጓዳ ለይተን የምናዘጋጀው በዚሁ ልማድ ነው። ይህ ለሚያየው ትንሽ ነገር ነው። እንግዳው ግን «ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ ሊያስቀይሙኝ አይፈልጉም» ብሎ እንዲያድር ያደርገዋል። እንዲህ ያደረ ሰው በማግስቱ ሲገበያይ ልቡ ክፍት ነው።

ትዕግሥትም የጨዋነት አካል ነበር። የዘመኑን ገንዘብ አስቡት። አሞሌ ጨው ከተሰበረ ወይም ውኃ ከነካው ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይታያል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ደግሞ በላዩ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ተቀባዩ አገላብጦ የንግሥቲቱን ዘውድና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ የጌጡ ዕንቁዎች በግልጽ ካልታዩ ወይም ምስሉ ካለቀ አይቀበልም። መቶ ብር ለመቁጠር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ያን ሁሉ ጊዜ ከፋዩ ሳይቆጣ ይቀመጣል፤ ነገ እሱም ተቀባይ ሲሆን እንዲሁ ያደርጋልና። እንግዲህ ዛሬ ደንበኛ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አውጥቶ ሲያየው፣ ወይም የስልኩን ሣጥን ሦስት ጊዜ ሲከፍት ፊታችንን ማጥቆር ከየት የመጣ ጸባይ ነው? ለመመርመር ጊዜ መስጠት ከጥንት የነበረ የሻጭ ግዴታ ነው።

ከላይ ወሬ፣ ከጨርቅ ሥር ዋጋ

በ1769 ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መንገዱ በጅዳ በኩል ነበር። እዚያ የሕንድ መርከቦች ጭነት ሲሸጥ አይቶ ያየውን ጽፏል። ሁለት ደላሎች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ትልቅ ሻሽ በእጆቻቸው ላይ ይጥላሉ። ከላይ ስለ መርከቦች መምጣትና ስለ ከተማው ወሬ ይጨዋወታሉ። ከሻሹ ሥር ግን ጣቶቻቸው አንዱ የሌላውን እየነኩ ዋጋ ይነጋገራሉ። ዋጋው በአፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ጭነት ይሸጣል።

ይህ የሞተ ታሪክ አይደለም። በሶማሌ ክልልና በሶማሊላንድ የቁም እንስሳት ገበያ የሄደ ሰው ደላላው ፎጣውን ወይም ሽርጡን በእጁ ላይ ጥሎ ሲገበያይ ያያል። ጣት መያዝ ቁጥር ነው፤ ስንት ጣት እንደተያዘ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ዘዴ ለምን ዘለቀ? ዋጋው በአደባባይ ስላልተጠራ ማንም አይዋረድም። ገዢው ገንዘብ አንሶት ቢተው «አቃተው» የሚለው የለም። ሻጩም ለተቸገረ ወዳጁ ዝቅ አድርጎ ቢሸጥ፣ ሌላው «ለእኔስ?» ብሎ አይነሣበትም። ሁለቱም ሳይስማሙ ቢለያዩ ከላይ የነበረው ጨዋታ አልተቋረጠምና ነገ ያለ ኀፍረት ይገናኛሉ። በገበያ መካከል የሰውን ክብር መጠበቅ እንዲህ በእጅ ምልክት ተሠርቶ ነበር።

ደላላውም ዋጋ ከማስማማት ሌላ ሥራ አለው። ሻጩን አውቃለሁ፣ እንስሳውም የተሰረቀ አይደለም ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ደላላው ነው። እዚህም አባኑን እናገኘዋለን፤ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቅ ሰው ስለሚያስተዋውቀው ሰው ይዋሳል።

የታሪኩ ጨለማ ጎን

የአያቶቻችንን ነገር ስናነሣ መልካሙን ብቻ ብንናገር ልጆቻችንን እናታልላለን። በእነዚሁ መንገዶች፣ በእነዚሁ ኬላዎች፣ በዚሁ መስተንግዶ ሰዎችም ይሸጡ ነበር። ወደ ምጽዋ፣ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ የሚወርደው ሲራራ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ባሪያ የተደረጉ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ይነዳ ነበር። አስተናጋጁ ነጋዴውን በክብር ሲቀበል፣ በግቢው ጥግ የተቀመጠችውን ልጅ ማንም «እንደምን ዋልሽ» አላላትም። ጨዋነቱ በነጋዴዎች መካከል እውነተኛ ነበር፤ ለእሷ ግን አልደረሰም። ማን «እንግዳ» ይባላል፣ ማን «ዕቃ» ይባላል የሚለውን የወሰኑት ጉልበት የነበራቸው ናቸው። ዛሬ በየድንበሩ እናቶችንና ሕፃናትን በደላላ እጅ ሲንገላቱ ስናይ ይህን ማስታወስ አለብን። ለስላሳ አንደበት ያለው ደላላ ሁሉ አባን አይደለም።

አባንነቱም ቢሆን ይበላሽ ነበር። እንግዳው ሌላ ምርጫ ስለሌለው መጥፎ አባን ሊያጓትተው፣ ወጪ ሊያበዛበት፣ ዕቃውን ሊበላበት ይችላል። የበርተን የጉዞ ባልደረባ ጆን ስፔክ በዚያው ዘመን ወደ ዋርሰንገሊ ምድር ሲሄድ አባኑ እንዲህ አደረገኝ ብሎ አማርሯል፤ ሰውየውም በኤደን በእንግሊዞች ፊት ቀርቦ ተቀጥቷል። የምናነበው የስፔክን ወገን ቃል ቢሆንም፣ ነገሩ አንድ ትምህርት አለው። መስተንግዶ እንግዳውን የሚያስር ገመድ ሊሆን ይችላል። «በሞቴ አትሂድ» ብሎ አስቀምጦ ዋጋ እስኪወርድ ማዋል የተለመደ ተንኮል ነው።

ከሲራራ ወደ ሱቅ

የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የንግዱ መልክ ተለወጠ። ዘይላ ደከመች፤ ጅቡቲና ድሬዳዋ አበቡ። ወራት የሚፈጀው መንገድ ቀናት ሆነ። ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና የመኖች በየከተማው ሱቅ ከፈቱ። ገዢው ከእንግዲህ ሲራራ መጠበቅ ቀረለት፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሱቅ አገኘ።

የድሮ አዲስ አበቤዎች የሠፈር ሱቅን «ዓረብ ቤት» ይሉት ነበር፤ ባለቤቶቹ ብዙዎቹ የመኖች ስለነበሩ ነው። የዓረብ ቤቱ ባለሱቅ የሠፈሩን ልጅ ሁሉ በስም ያውቃል። ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር አለው። እናት ልጇን «ስኳር በዱቤ በል» ብላ ስትልክ፣ ዋስትናው የልጁ ፊት ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃልና። ከእነሱ በኋላ የመጡት የጉራጌ ነጋዴዎች ከሱቅ በደረቴ ተነሥተው ትልልቅ መደብር የከፈቱት በዚሁ መንገድ ነው። ደንበኛን በስም ማወቅ፣ ዱቤ መስጠት፣ እቁብ ገብቶ ለጓደኛ ዋስ መሆን።

መርካቶም የሚነግረን አለ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ሲሉ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዞሩት። ስሙም ከቋንቋቸው ቀረ። ገበያው ከሰዉ በታች ነው ተብሎ የተገፋ ሕዝብ ስፍራ ነበር፤ ያው ሕዝብ ግን በራሱ ደንብ፣ በራሱ ዱቤና እቁብ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረገው።

በናይሮቢ ኢስሊም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የተሰደዱ ነጋዴዎች ጋሪሳ ሎጅ በተባለው ማደሪያ ክፍሎች ውስጥ ዕቃ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ፤ አልጋ የነበረበት ክፍል ሱቅ ሆነ። ከአገራችን የሄዱ ሰዎችም በአካባቢው ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ። የባንክ ዋስትና የሌለው ስደተኛ የዱባይን ዕቃ በዱቤ የሚያገኘው «የእገሌ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲገኝለት ነው። ሀዋላውም በዚሁ ነው የሚሠራው። በርበራ ላይ ያየነው ዋስትና ፎቅ ላይ ወጥቶ እንደገና ሱቅ ከፈተ ማለት ይቻላል።

ዛሬ በስልክ ዘመን

ኤም ፔሳ በኬንያ በ2007፣ ዛድ በሶማሊላንድ በ2009፣ ቴሌብር በኢትዮጵያ በ2021 ሥራ ጀመሩ። ገንዘብ ለማስተላለፍ ሰው ፊት መቆም ቀረ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ በመንገድ የሚዘረፈው ቀንሷል፣ ቤት ሆና የምትነግድ እናትም ከገበያው ገብታለች። የምንፈራው ስልኩን አይደለም። የምንፈራው ከዋጋው በፊት የነበረው ሰላምታ ሲቀር፣ አብሮት የነበረው ዋስትናም ሳናውቀው እንዳይቀር ነው።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብናል። ዕቃው ኬላ ላይ ሲቆም ሻጩ ስልኩን ያጠፋል። ገዢው ባልታወቀ ቁጥር ቀብድ ልኮ ይቀራል። ባለዕዳው ሲሞት ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው የለም። ትልልቅ ድርጅቶች ስንደውል «ውድ ደንበኛችን» የሚል የተቀዳ ድምፅ ያሰሙናል፤ ቃሉ ያምራል፣ ከጀርባው ግን የሚዋስልን ሰው አናገኝም። አባኑ ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ስለዚህ ከአያቶቻችን አራት ነገር እንውሰድ እንላለን።

አንደኛ፣ የምንቀበለውን ሰው እንዋስለት። አንድን ደንበኛ ወደ ሌላ ነጋዴ ስንልክ ስማችንን አብረን እንላክ፤ ነገሩ ከተበላሸም «እኔ አስተዋወቅኩ እንጂ አልሸጥኩም» አንበል። ስማችንን ልናስይዝ ካልፈለግን አናስተዋውቅ።

ሁለተኛ፣ ክፉ ወሬን ቀድመን እንናገር። ጭነት ሲዘገይ ገዢው ከመደወሉ በፊት እንደውልለት። በሲራራ ዘመን መዘግየት የተለመደ ነበር፤ ያለ መልእክት መጥፋት ግን ክህደት ነው። «ኬላ ላይ ነኝ፣ ሁለት ቀን ታገሠኝ» የምትል አንዲት የድምፅ መልእክት ስንት ወዳጅነት ታተርፋለች።

ሦስተኛ፣ ዋጋን በጨርቅ ሥር እንተወው። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ በቡድን መልእክት መካከል አናዋርደው፤ «ከሌለህ ተወው» አንበል። ሳይገዛ የሄደንም ሰው «ገበያ ይቅናህ» ብለን እንሸኘው፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ ይመለሳል። መስፈሪያውን ከሞላን በኋላም ምራቂዋን አንርሳ።

አራተኛውና ዋናው፣ ልጆቻችንን ከደንበኞቻችን ጋር እናስተዋውቃቸው። ሱቅ ስናወርስ ቁልፉን፣ ዕቃውንና የስልክ ቁጥሩን እናስረክባለን። ደንበኛው ግን እንደ ዕቃ አይወረስም። ልጁ የሞያሌውን ሰው ልጅ ሠርግ ካላየ፣ የቶጎ ውጫሌዋን እናት ለቅሶ ካልደረሰ፣ ለእሷ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከደንበኛችሁ ቤት አስቀምጡት፣ ቡና ይጠጣ፣ «ይሄ ልጄ ነው፤ ከእኔ በኋላ እሱ ነው» በሉ። ልጁም ሆነ ደንበኛችሁ ያቺን ቀን አይረሷትም፤ እናንተ በሌላችሁበት ቀን በዱቤ የሚላከው ጭነት የሚላከው በእሷ ነው።